አንቱ እልሽ ነበር፦ ለማለዳ ወኬ የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ

ውድ ወክ፣

«የእግር ጉዞ» ብዬ ልጀምርልሽ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። የእግር ጉዞ ሲባል የሚታየኝ ቢጫ ቲሸርት፣ የተወጠረ ባነርና ሰዓት የማያከብር የክብር እንግዳ ነው። አንቺ እንዲያ አይደለሽም። አንቺ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊል ሲል ከታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤቴ የደረጃውን ብረት በቀለበታቸው ኳ ኳ ሲያደርጉ የምትጀምሪ፣ ከኮንዶሚኒየማችን በር ተነሥተሽ ሚካኤል ቅጥር ደርሰሽ የምትመለሺ፣ ቀሚስ ላይ ሹራብ ደርቤ የማገኝሽ ነሽ። ሰፈሩም የሚጠራሽ በዚሁ ስም ነው። «ዛሬም ወክ ወጣሽ?» ይሉኛል።

መጀመሪያ አንቱ እልሽ ነበር። ከአክብሮት አይደለም፣ ከፍርሃት ነው። «ስፖርት» ከሚባለው ትልቅ ቤተሰብ የተወለድሽ ስለመሰለኝ ቀና ብዬ አንቺን ለማየት ድፍረቱ አልነበረኝም። ስፖርት በእኛ አገር የጀግና ነገር ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ጎረቤት ሳሎን መሬት ላይ ተኮልኩለው ካዩት ልጆች አንዷ ነበርኩ። በማግስቱ ሰፈሩን በባዶ እግራችን ስንዞረው ዋልን። ከዚያ ሰባተኛ ክፍል ገባሁ፣ ጡቴ አጎጠጎጠ፣ «ሴት ልጅ ተሰብሰቢ እንጂ!» ተባልኩ፤ ተሰበሰብኩ። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ሊያመልጠኝ ሲል እንኳ የማልሮጥ ሴት ሆኜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንቺን ከማግኘቴ በፊት የነበረውን ሰኔ ልንገርሽ፤ ያኔ አልነበርሽማ። እንደምታውቂው የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ 30 ለተማሪ ካርድ መቀበያ ነው፣ ለእኛ ደግሞ መዝገብ መዝጊያ። በዚያ ሰኔ የባንክ ሪኮንሲሌሽኑ አልገጥም ብሎኝ፣ ቫውቸር ጠፍቶብኝ፣ ኦዲተሮቹ በር ላይ ቆመው፣ ልጄ ሚኒስትሪ ልትፈተን ተቃርባ፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደርሶ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነቃለሁ። ጣሪያውን አያለሁ። ቁጥር እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። ጠዋት ስነሣ መንጋጋዬ ሌሊቱን ሙሉ ሽምብራ ቆሎ ሲቆረጥም ያደረ ይመስል ይጠዘጥዘኛል። ልጄ አንድ ቀን «እማዬ፣ ሌሊት ጥርስሽ ይጮሃል» አለችኝ።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ደም ሰጠሁ፣ ኢ.ሲ.ጂ. ተነሣሁ፣ ሁሉም ደህና ነው ተባልኩ። «ስትረስ ነው፤ ዘና በይ» አለኝ ሐኪሙ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል። የትኛው ፋርማሲ እንደሚሸጠው ግን አልነገረኝም።

ጂም ገባሁ። የሦስት ወር ከፍዬ አራት ቀን ሄድኩ። ዙሪያው መስታወት፣ ሙዚቃው ጆሮ የሚበሳ፣ አሠልጣኙ የልጄን ታላቅ ወንድም የሚያክል ጎረምሳ። «ታርጌትሽ ምንድን ነው?» አለኝ። ከዓመት እስከ ዓመት በጀትና ታርጌት ሲጠየቅ ለሚኖር ሰው ይህ መስማት የሚፈልገው የመጨረሻ ጥያቄ ነው። አራተኛው ቀን ላይ ፎጣዬን ረስቼ ወጣሁ፤ ለፎጣዬም አልተመለስኩም።

ከዚያ እትዬ፣ ከታች የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ መጡ። ስማቸውን አልጽፍም፣ አይወዱም። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። በጥቅምት አንድ ማለዳ ውሃ መጥቶ ጀሪካን ልሞላ ስወርድ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ፊቴን አዩት።

«አልተኛሽም እንዴ ልጄ?»

«እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ እትዬ።»

«ጀሪካኑን አስቀምጪውና ሚካኤል ድረስ ሸኚኝ። ሐኪሙ ተራመጂ ብሎኛል፣ ብቻዬን ግን ውሻ እፈራለሁ።»

ሸኘኋቸው። ስፖርት ልሠራ አልወጣሁም፤ አንዲት ትልቅ ሴት ልሸኝ ወጣሁ። «ነይ፣ ለጤናሽ ነው» ቢሉኝ ኖሮ አልወጣም ነበር። እትዬ ይህን አውቀው ይሁን እውነትም ውሻውን ፈርተው እስካሁን አልጠየቅኋቸውም። ውሾቹን በስማቸው እንደሚጠሯቸው የሰማሁት ግን በሁለተኛው ሳምንት ነው።

በዚያ ቀን የነበርሽው በሙሉ ግማሽ ሰዓት ብትሆኚ ነው። ውርጩ አፍንጫ ይቆነጥጣል። እንጀራ የምትጋግረው ሴት ቤት የኩበትና የባሕር ዛፍ ጭስ ይወጣል። እትዬ ቅጥሩ ጋ ሲደርሱ ነጠላቸውን አስተካክለው ይሳለማሉ፤ ያቺ ለእኔ የትንፋሽ መሰብሰቢያ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ተቀምጣ ለኖረች ሴት ትንሿ ዳገት ተራራ ናት። ስንመለስ ላብ እንኳ አላላበኝም። «ይሄ ምን ዋጋ አለው?» አልኩ በልቤ። በማግስቱ ብረቱ ኳ ኳ አለ።

አሁን ምን እንዳደረግሽልኝ ሳነብ ቆይቼ ትንሽ ገብቶኛል። ኩላሊቶቻችን ላይ እንደ ቆብ ጉብ ያሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉ። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን ይረጫሉ፣ ልብ ይዘላል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ቆየት ብሎ ኮርቲሶል ይከተላል፤ ስኳር ደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል፣ ለጊዜው የማያስፈልገውን ሥራ ሁሉ «ቆይ» ይላል። ዋልተር ካነን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንዴት እንደሚሰናዳ ጽፎ ነበር። ጅብ ሲያባርርሽ ድንቅ ዝግጅት ነው። እኔን ያባረረኝ ግን ጅብ አልነበረም፣ ኦዲተር ነበር። ከኦዲተር ደግሞ አይሮጥም፤ ሻይ ታዞለት ፊት ለፊቱ ይቀመጡለታል። ሰውነቴ ለሩጫ ታጥቆ፣ እኔ ወንበር ላይ፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነበርን። ያ ትጥቅ የሚፈታበት ቦታ አጥቶ ነው ሌሊት መንጋጋዬ ላይ የሚያርፈው።

አንቺ ትጥቁን በቀስታ አስፈታሽው። ገርነትሽ ራሱ መድኃኒትነት እንዳለው የገባኝ ቆይቶ ነው። ከባድ ስፖርት ኮርቲሶልን ለጊዜው ከፍ ያደርገዋል፤ ይህ ለጠንካራ ሰው ክፉ አይደለም። ቀስ ያለ እርምጃ ግን ሰውነትን ሌላ አደጋ መጣ ብሎ አያስደነግጠውም። ልብ ትንሽ ፈጠን ይላል፣ ቅጥሩ ጋ ይረጋል፣ ዳገቱ ላይ ፈጠን ይላል፣ በር ላይ ይረጋል። መፍጠን ያውቅ ነበር የእኔ ልብ፤ የረሳው መርጋትን ነው። በየማለዳው አስጠናሽው። ልኩንም እትዬ ያውቁታል፦ ማውራት እየቻልሽ መዝፈን ካቃተሽ በቂ ነው። እሳቸው ለመዝፈን ሞክረው ያውቃሉ፤ ሦስተኛው ቃል ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና ሁለታችንም በሳቅ መንገድ ዳር ተቀመጥን።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልሰጠሽኝም፤ ይህንንም በምስጋና ደብዳቤ ውስጥ ልጻፈው። ባቴ ታመመ። እንቅልፌ እዚያው ነው። ልተውሽ ነበር፤ ያልተውኩሽ እትዬ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ብዬ ነው። ከዚያ አንድ ቀን፣ አምስተኛው ሳምንት ይሆናል፣ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሰልፉ ጥግ ዞሯል። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ስልክ የሚያወራ መስሎ እየተንሸራተተ ፊቴ ገባ። ሰልፉ ተንጫጫ። እኔ የራሴን ትከሻ እጠብቀው ነበር፤ የተለመደው ወደ ጆሮ የሚደረግ ጉዞ እንዲጀምር። አልተነሣም። «ወንድሜ፣ ሰልፉ ከኋላ ነው» አልኩት፤ ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም፣ የእትዬን ይመስላል። ሄደ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ መስኮቱ ጋ ስቀመጥ እጄን አየሁት፦ ጭኔ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። ድሮ የቦርሳዬን ማንገቻ አንቆ ነበር የሚውለው።

በዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትን አላየኋትም።

አሁን ስለ ሚዛኑ ልንገርሽ፤ ትንሽ ያሳፍራል። እውነቱን ለመናገር አንቺን በየቀኑ ማግኘት ስጀምር በልቤ የያዝኩት ጉዳይ ሆዴ ነበር። ቀሚሶቼ ጠበውኛል፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ደርሷል። በአራተኛው ወር መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ጋ ሄጄ ጫማዬን አወለቅኩ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ደግሞ አየ። «ግማሽ ኪሎ ጨምረሻል፣ እናቴ» አለኝ፤ አዝኖልኝ ይመስለኛል፣ መልስ ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ቤቴ ገብቼ ተኮሳትሬ አመሸሁ። አራት ወር ሙሉ የከፈልኩት ክፍያ ደረሰኝ እንደሌለው ተሰማኝ።

ደረሰኙን ያገኘሁት ሳነብ ነው። ድሩ የሚባል ጥናት አለ፤ አሜሪካ፣ ዳላስ ውስጥ የተካሄደ ነው፣ ዋናው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። 464 ሴቶች ናቸው፤ የወር አበባቸው የቆመ፣ ክብደታቸው ከፍ ያለ፣ ደም ግፊታቸውም ከፍ ያለ፣ ስፖርት የሚባል ነገር የማይነኩ። ባጭሩ የእኔና የእትዬ ዓይነቶች። በዕጣ ከፋፈሏቸው፤ አንዱ ቡድን እንደ ኑሮው ቀጠለ፣ ሦስቱ ለስድስት ወር ቀለል ባለ ፍጥነት ተንቀሳቀሱ፦ አንዱ በሳምንት በአማካይ 72 ደቂቃ ገደማ፣ አንዱ 136፣ አንዱ 192። ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ኑሯቸው የጠየቋቸው ጥያቄ መልስ ወጣ። ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ መንፈስሽ እንዴት ነው፣ ከሰው ጋር መኖር እንዴት ነው የሚለው ማለት ነው። ብዙ የተንቀሳቀሱት ብዙ አገኙ፤ ይህ ይጠበቃል። እኔን ከወንበሬ ያስነሣኝ ሌሎቹ ሁለት ነገሮች ናቸው። ያቺ 72 ደቂቃ ያላት ቡድን እንኳ ከተቀመጡት ተሽላ ተገኘች። ደግሞም መሻሻሉ ክብደት ከመቀነስ ጋር የተያያዘ አልነበረም፤ ያልከሳችውም ሴት መንፈሷ ተሽሏል።

የሒሳብ ሰው ነኝና 72ን ለሰባት አካፈልኩት። አሥር ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ በቀን። ቅጥሩ ድረስ መሄጃው ብቻ እንኳ አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል፤ ይበል፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን በዚያ ቁጥር ፊት ስንት ሴት ተስፋ ቆርጣ እንደተቀመጠች አውቃለሁ፤ አንዷ እኔ ነበርኩ። ግማሹም ዋጋ እንዳለው ማንም አልነገረኝም።

ጓደኞቼ አንቺን ሳነሣባቸው የሚመልሱልኝ አንድ ነው፦ «እኔ ቤት ውስጥ ስባክን ነው የምውለው፣ ምን ስፖርት ያስፈልገኛል?» ይህን በቀላሉ የማልፈው አይደለም። እውነታቸውን ነው። ልጅ ሆኜ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን አይ ነበር፤ ሸክሙ ከእነሱ ይረዝማል፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። ለእነሱ «ተንቀሳቀሱ» ብሎ የሚመክር ካለ ይፈር። መድከም ለብቻው ሰውን የሚያሳርፍ ቢሆን ኖሮ በዚህ አገር ከሴት የበለጠ ያረፈ ሰው ባልነበረ። ስባክን የምውለው እኔም ነበርኩ፤ ከምድጃ ወደ ልብስ፣ ከልብስ ወደ ገበያ። እግሬ ይሄዳል፣ ጭንቅላቴ ግን የሚቀጥለውን ሥራ ይቆጥራል።

አንቺ ጋ የማገኘው ሌላ ነው። አንቺ ጋ ስሆን ምንም አልሸከምም። ማንም «እማዬ» አይለኝም፣ ማንም «የኔ እህት፣ ይቺን ፈርሚልኝ» አይለኝም። ግማሽ ሰዓት ነው፤ ግን የማንም ያልሆነ ግማሽ ሰዓት ነው። ባለቤቴ በመጀመሪያው ወር «ቁርስስ?» አለ። «ዳቦው መሶቡ ላይ ነው» አልኩት። አገር አልፈረሰም። አሁን ሻዩን ራሱ ያፈላል፤ ስኳሩን ያበዛዋል እንጂ።

በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ሴቶች 34 በመቶ፣ ወንዶች 29 በመቶ ገደማ እንደነበሩ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። የአምስቱን በመቶ ልዩነት ምክንያት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ ጥጉ ላይ የሚቀመጡት ጎረምሶች ይበቁኛል። «ማዘር፣ ሰዓቱን ስበሪው!» ይሉኛል። «ማዘር፣ ወርቁ የኛ ነው!» ወጣቶቹን ሴቶች ከዚህ በከፋ ነገር ይለክፏቸዋል፤ ጠባብ ሱሪ ለብሳ የወጣች ልጅ በማግስቱ አትወጣም። እትዬ ግን አርባ ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ቀጥ ብለው ቆሙና ከመሐላቸው አንዱን «አንተ! የማን ልጅ ነህ? ጫማህን እሰር!» አሉት። አሰረ። ከዚያ ወዲህ በእሳቸው ፊት ድምፅ የለም፤ ብቻዬን ስሆን ግን ሰዓቱን አሁንም እንድሰብር ይጠበቃል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በወሩ የመጨረሻ እሑድ አስፋልቱን ከመኪና ሲያስለቅቅልን የማየው የሴቱ ብዛት ይገርመኛል። ቦታውና ሰላሙ ሲኖር ይወጣል ማለት ነው፤ ስንፍና አልነበረም።

ቢሮ ውስጥም ተከትለሽኝ መጣሽ። ድሮ አራት ሰዓት ላይ ሥራ ሲያንቀኝ ማኪያቶ በሦስት ስኳር፣ ከጎኑ አንድ ቦምቦሊኖ ነበር መድኃኒቴ። ሮበርት ቴየር የሚባል የካሊፎርኒያ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጥናት አንድ ቀን ጣፋጭ፣ አንድ ቀን የአሥር ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ እያፈራረቀ ሰዎችን ጠይቋል። ጣፋጩ ለጊዜው ቀና ያደርጋል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ውጥረቱ ብሶ ይገኛል። እርምጃው ጉልበት ጨምሮ ውጥረት ይቀንሳል። ማኪያቶውን አልተውኩትም፣ አልዋሽሽም። ቦምቦሊኖውን ግን ትቼ ሕንፃውን አንድ ዙር እዞራለሁ። ጥበቃው መጀመሪያ የጠፋብኝ ነገር ያለ መስሎት አብሮኝ ይፈልግ ነበር።

አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ስልኬ ላይ እርምጃ መቁጠሪያ ጫነችልኝ። 10,000 እስኪሞላ ድረስ ቀይ ነው። እኔ በስንት መከራ 5,000 አካባቢ ነኝ። በየምሽቱ በቀይ ስገባ ደግሞ ይኸው ሌላ ኦዲተር አመጣሁ አልኩ። ኋላ የቁጥሩን ትውልድ ሳጣራ በሳቅ ሞትኩ። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ የወሰደበት እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጃፓኖችን ስለ እንቅስቃሴ አነቃቅቷቸው ነበር፤ በዓመቱ አንድ ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር መቁጠሪያ አወጣና ስሙን «ማንፖ-ኬይ» አለው፤ የ10,000 እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። የገበያ ስም እንጂ ከሐኪም የመጣ ልኬት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ 16,741 አሜሪካውያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ወጣ። በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ በጥናቱ ዘመን የሞቱት በጣም አነስተኛ ነበሩ፤ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ጥቅሙ መጨመሩን ያቆማል። ይህን ለእትዬ ሳነብላቸው «እኔስ ከጅምሩ አልቆጥርም፤ የሚቆጥር ያውቃል» አሉና ወደ ቅጥሩ ጎንበስ አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለብኝ፤ በአንቺ ስም የሠራሁት ጥፋት። አብራኝ የምትሠራ ሴት ነበረች፤ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ያቃታት፣ ምግብ የማይገባላት፣ ወሩን ሙሉ የምታለቅስ። እኔ በአንቺ የሰከርኩ ሰው «ወክ አድርጊ፣ ይለቅሻል» አልኳት። በዚያን ጊዜ ለእሷ ያ ምክር ድንጋይ ነበር፤ የማትነሣን ሴት ተነሽ ማለት ነበር። ሐኪም ያስፈልጋት ነበር፤ ደግነቱ እህቷ ወሰደቻት፣ መድኃኒት ጀመረች፣ ወራት ፈጀባት። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። አሁን አንዳንድ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ትወጣለች፤ ብዙ አታወራም፣ እትዬም አይጠይቋትም። አንቺ ሁሉን ቻይ አይደለሽም። እንደሆንሽ አድርጌ ያወራሁልሽ እኔ ነኝ።

ክረምት ሲገባ መንገዳችን ጭቃ ይሆናል፤ ያኔ አንቺ ደረጃ ነሽ። አሳንሰር በሌለው ሕንፃችን አራቱን ፎቅ እየወጣን እየወረድን፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየደበደበ። የሁለተኛው ፎቅ ልጆች በር ከፍተው ይስቁብናል። አንዷ አምስት ዓመት የሚሆናት ከኋላችን ተሰልፋ ትከተለናለች፣ እጇን እንደ እትዬ ወገቧ ላይ አድርጋ።

ይኸው ሁለተኛው ሰኔያችን መጣ። ኦዲተሮቹ በመጪው ሰኞ ይገባሉ። ኪራዩ ጨምሯል፣ የእናቴ ጉልበት ብሶበታል፣ ልጄ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ማታ ማታ በር ዘግታ ስልክ ታወራለች። አንዱንም አልፈታሽልኝም። ዛሬም ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነቅቻለሁ፤ ሰኔ ነዋ። ልዩነቱ ጣሪያውን ሳላይ ተነሥቼ ይህን ደብዳቤ መጻፌ ነው፤ መንጋጋዬንም አሁን በእጄ ስነካው የላላ ነው።

ሌጀሩ አጠገቤ ተከፍቶ አለ። የ340 ብር ልዩነት ይታያል፤ ከትናንት ጀምሮ ፈልጌ አላገኘሁትም። ቁጥሩ በሁለት ሲካፈል 170 ነው፤ 170 ብር የሆነ ነገር በተሳሳተ ጎን ተመዝግቦ ይሆናል፣ ወይም የፔቲ ካሽ ደረሰኝ ይሆናል። መስኮቱ ግራጫ ሆኗል። የሚካኤል ቅዳሴ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። ከታች በር ተከፈተ፣ የእትዬ ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎ ቀለበታቸው ብረቱን ይነካል። ጫማዬ የት ሄደ?

አክባሪሽ፣
ከሦስተኛ ፎቅ